ደንበኛ ሲፈራ ጠበቃም ይፈራል

የምሠራው አሜሪካ ውስጥ አንድ ትልቅ የሕግ ድርጅት ነው። ጠበቃ አይደለሁም፤ ድረ ገጹን ከሚያዘጋጁት አንዱ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ2025 የብዝኃነት ገጹን፣ ማለትም ከተለያየ ዘርና ፆታ ሠራተኛ ስለ መቅጠራችን የሚያወራውን፣ እንዳወርድ ታዘዝኩ። ስብሰባ የለ፣ ማብራሪያ የለ። ስለ ካርቦን ልቀት የገባነው ቃልም ወደ አንድ አንቀጽ ተጨመቀ። ዝም አይነቅዝም ነው ነገሩ።

ዱብ ዕዳ ግን አልነበረም። በ2022 አምስት የሪፐብሊካን ሴናተሮች ለ51 የሕግ ድርጅቶች ደብዳቤ ጽፈው፣ በአየር ንብረት ጉዳይ የሚያማክሯቸውን ደንበኞች ከፀረ-ሞኖፖሊ ሕግ ጋር እንዳያላትሙ አስጠንቅቀዋል። በ2023 ዘርን ያገናዘበ ምርጫን በፍርድ ቤት የሚሞግተው የኤድዋርድ ብለም ቡድን፣ ፐርኪንስ ኩዊንና ሞሪሰን ፎርስተርን የተባሉትን የሕግ ድርጅቶች ለተማሪዎች በሚሰጡት የብዝኃነት ፌሎሺፕ (የሥራ ልምምድና የገንዘብ ድጋፍ) ከሰሰ። ሁለቱም መስፈርቱን ቀየሩ፤ ክሱም ተነሳ።

በማርች 2025 የመጣው ግን ሌላ ነው። ፕሬዚዳንት ትራምፕ በስም እየጠሩ በድርጅቶች ላይ ትእዛዝ አወጡ። ከምክንያቶቹ አንዱ የብዝኃነት ፕሮግራም ነበር። ፖል ዋይስ የተባለው ድርጅት የ40 ሚሊዮን ዶላር ነጻ የሕግ አገልግሎት ለመስጠት ተስማማ፤ ትእዛዙም ተሻረለት። ሌሎችም ተከተሉ። በጠቅላላው ዘጠኝ ድርጅቶች ወደ 940 ሚሊዮን ዶላር የሚገመት አገልግሎት ቃል ገቡ።

ሰው "እነዚህ ሁሉ ጠበቆች ሕጉን አያውቁም እንዴ?" ይላል። አሳምረው ያውቃሉ! ፐርኪንስ ኩዊ፣ ጄነር ኤንድ ብሎክ፣ ዊልመርሄል እና ሰስማን ጎድፍሬይ ፍርድ ቤት ሄደው አራቱም ዋሽንግተን ላይ አሸንፈዋል። የሚያስፈራው ዳኛው አይደለም፤ ደንበኛው ነው። ትእዛዞቹ ከመንግሥት ጋር የሚሠሩ ኩባንያዎች ከድርጅቱ ጋር ያላቸውን ግንኙነት እንዲያሳውቁ ይጠይቁ ነበር። ፍርድ እስኪመጣ ደንበኛው ጥሎ ከሄደ፣ ትርፋማ ፓርትነሮችም (የድርጅቱ ባለድርሻ ጠበቆች) አብረውት ይሄዳሉ። በኔ እይታ የብዝኃነቱም የካርቦኑም ቃል ድሮም የተገባው ለደንበኛ ነበር፤ ስለዚህ በደንበኛ ምክንያት መታጠፉ አይግረማችሁ።

ደግሞ የሚያስቀው፣ አንዳንድ ደንበኞች ዛሬም ሥራ ከመስጠታቸው በፊት የቡድኑን ስብጥር ይጠይቃሉ። ሰንጠረዡ አለ። በኢሜይል ይላክላቸዋል።

የእህቴ ልጅ ሕግ ትማራለች። የት ላመልክት ብላ ስትጠይቀኝ፣ "ድረ ገጹን ተይው፤ ያንን የምጽፈው እኔ ነኝ። ባለፉት ዓመታት እነማንን ፓርትነር እንዳደረጉ እዪ" አልኳት። አሁን ስም እየለቀመች ነው።