ፈረሴን ቁርጠት በያዘው ሌሊት ያደረግሁት

በታኅሣሥ ወር በደቡብ ወሎ የለጋምቦ ደጋ ውርጭ ሜዳውን ነጭ አልብሶ ያድራል። የገብስ ውቂያውም በዚሁ ሰሞን ስለሚውል ፈረሶች በአውድማው ዙሪያ ደረቅ ገለባ እስኪጠግቡ ይበላሉ፤ የምንጩ ውኃ ግን ጥርስ የሚቆርጥ ስለሚሆን ከወትሮው እጅግ ያነሰ ይጠጣሉ። ዳማ ፈረሴ የታመመው እንዲህ ባለው ሳምንት ነበር።

አመሻሽ ላይ ገብስ ሳቀርብለት አሽትቶ ፊቱን አዞረ። ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ደክሞታል ብዬ አልፈው ነበር። ጥቂት ቆይቶ ግን በፊት እግሩ መሬቱን ይጭር ጀመር፤ አንገቱን እያዞረ ሽንጡን ያያል፤ ሊሸና እንደፈለገ ሁሉ እግሮቹን ዘርግቶ ይቆምና ምንም ሳይወጣው ይመለሳል፤ የላይኛውን ከንፈሩንም ይገለብጣል። ወደ በረቱ ገብቼ ወለሉን ስመለከት ከጠዋት ወዲህ የጣለው ፋንድያ አልነበረም፤ የጠዋቱም ቢሆን ከሌላው ቀን ያነሰና የደረቀ ነበር። ያን ጊዜ ቁርጠት መሆኑን አወቅሁ።

ከዓመታት በፊት የአባቴን ባዝራ ቁርጠት ይዟት ሰዎች ራሷን ወደ ላይ አንጋጠው የኑግ ዘይት በአፍንጫዋ አንቆርቁረውባት ነበር። ሆዷ ተሻላት፤ ነገር ግን በማግስቱ ሳል ጀመራት፣ ከአፍንጫዋም ክፉ ሽታ ያለው ፈሳሽ ይወርድ ጀመር፣ ሳምንትም ሳትሞላ ሞተች። በግድ የሚፈስ ነገር በቀላሉ ወደ ሳንባ ገብቶ የሳንባ ምች እንደሚያመጣ አንድ የእንስሳት ሐኪም ያስረዳኝ ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው። ባዝራዋን የገደላት ቁርጠቱ ሳይሆን ርዳታችን ሊሆን እንደሚችል ሳስብ እስከ ዛሬ ያመኛል።

ስለዚህ በዚያ ምሽት ጎረቤታችን ሽማግሌ ዘይት በጠርሙስ ይዘው ሲመጡ እጃቸውን ይዤ፣ «አያ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ በአፍንጫው ምንም አናፈስም» አልኋቸው። «ታዲያ ልጄ፣ እየተሠቃየ ቆመን ልናየው ነው?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ከርኅራኄ የመጣ ስለነበር አልተቆጣሁም፤ ፋኖሱን እንዲያበሩልኝ ለምኜ የዳማን የልብ ምት መቁጠር ጀመርሁ።

ምቱ ከመንጋጋው አጥንት ሥር በምታልፈው የደም ሥር ላይ ጣት በማሳረፍ ይገኛል። ያረፈ ጎልማሳ ፈረስ ልቡ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ጊዜ ይመታል፤ ዳማ ጤነኛ ሳለ ደጋግሜ ቆጥሬ 36 መሆኑን አውቅ ነበር። በዚያ ምሽት በ15 ሰከንድ 14 ቆጠርሁ፤ በደቂቃ 56 ማለት ነው። ትንፋሹ ደግሞ በደቂቃ ከ8 እስከ 16 መሆን ሲገባው 24 ሆኖ ነበር። ድዱን በአውራ ጣቴ ተጭኜ ስለቀው ቀይ መልኩ ሁለት ሰከንድ ሳይሞላ ተመለሰ፤ ይህም ደሙ ገና በሚገባ እየተዘዋወረ መሆኑን ያሳያል። ከዓይኑ በላይ ያለው ጎድጓዳ ቦታ እንዳላበጠና ከአፍንጫው አረፋ እንዳልወጣም አየሁ፤ እነዚህ የአፍሪካ ፈረስ በሽታ የሚባለው ሌላ ገዳይ በሽታ ምልክቶች ናቸው። በመጨረሻ ጆሮዬን በሁለቱም ሽንጦቹ ላይ ለጥፌ አዳመጥሁ። በጤናው ጊዜ እንደ ወንዝ ይንጎራጎር የነበረው ሆድ በግራ በኩል ጭራሽ ዝም ብሏል።

ለእንስሳት ጤና ባለሙያው ስደውል ቁጥሮቹን በቅደም ተከተል ነገርሁት። እርሱም መኖውን በሙሉ እንዳነሳ፣ ቢበዛ ለዐሥር ደቂቃ ያህል በዝግታ እንዳራምደው፣ ፈጽሞ እንዳላስሮጠው፣ በየግማሽ ሰዓቱም ምቱን እንድቆጥር አዘዘኝ። ምቱ ከ60 አልፎ ከቀጠለ ወዲያው እንድደውልለት አስጠነቀቀኝ። የሕመም ማስታገሻ ሰጥቼው እንደሆነም ጠየቀ፤ ማስታገሻ ሕመሙን ደብቆ ሐኪሙን ሊያሳስት ስለሚችል የተሰጠው መድኃኒትና ሰዓቱ መታወቅ አለበት። መሬቱን ከጫረበት እስከ ደወልሁበት ድረስ አንድ ሰዓት ያህል «ይለቀው ይሆናል» እያልሁ መጠበቄ ግን የእኔ ጥፋት ነው፤ አሁን ቢሆን የመጀመሪያውን ቆጠራ እንደጨረስሁ እደውላለሁ።

ባለሙያው በሞተር ብስክሌት ሲደርስ አንጀቱን በእጁ ፈትሾ በደረቅ ገለባ መዘጋቱን አረጋገጠ። ከዚያ በአፍንጫው እስከ ጨጓራው የሚደርስ ረጅም ቱቦ አስገባ። ሽማግሌው ግራ ተጋብተው አዩኝ፤ እኔ የከለከልሁትን እርሱ የሚያደርግ መስሏቸው ነበር። ባለሙያው ግን ቱቦው ወደ ሳንባ አለመግባቱን ካረጋገጠ በኋላ በጨጓራው የተጠራቀመ ፈሳሽ መኖር አለመኖሩን መጀመሪያ እንደሚያይ በትዕግሥት አስረዳቸው፤ ፈረስ ማስመለስ ስለማይችል ጨጓራው ከመጠን በላይ ከሞላ ሊቀደድ ይችላል። ቀጥሎ አንጀትን የሚያለሰልሰውን ዘይት፣ ፈሳሽ ፓራፊንን፣ ከለብ ያለ ውኃ ጋር አስገባለት፣ ማስታገሻም ወጋው።

ሌሊቱን አብረነው አደርን። ምቱ ወደ 48፣ ንጋት ላይ ወደ 40 ወረደ። በማግስቱ ረፋድ ላይ በፓራፊኑ የሚያብረቀርቅ ፋንድያ ሲጥል ሽማግሌው «አልሐምዱሊላህ» ብለው ጋማውን ዳበሱት። መኖውን ወዲያው አልመለስሁለትም፤ በመጀመሪያው ቀን ጥቂት እርጥብ ሣር ብቻ ሰጥቼ በቀጣዮቹ ቀናት ቀስ በቀስ ጨመርሁለት።

ከዚያ ወዲህ በውርጭ ወራት ከምድጃ የወረደ ሙቅ ውኃ ከምንጩ ውኃ ጋር ቀላቅዬ ጠዋትና ማታ አጠጣዋለሁ፤ ገለባውም የሚቀርብለት ከጠጣ በኋላ ነው።