ከስምንት ወር በኋላ ጎቢን መስማት ጀመርኩ

ባለፈው ሳምንት እ.ኤ.አ. በ1953 ሚላን በሚገኘው ላ ስካላ ቴአትር የተቀዳውን የአቀናባሪውን የፑቺኒን «ቶስካ» የተባለ ኦፔራ ሁለተኛ ገቢር ሳላቋርጥ፣ ግጥሙንም ሳልገልጥ ሰምቼ ጨረስኩ። እዚህ ለመድረስ ስምንት ወር ፈጅቶብኛል።

የገባሁበት ቶስካን ሆና የምትዘፍነውን ማሪያ ካላስን ፍለጋ ነው፤ የቴነሩ (ከፍ ያለ የወንድ ድምፅ ያለው ዘፋኝ) የጁሴፔ ዲ ስቴፋኖ ድምፅም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ልቤን ወስዶታል። አልገባ ያለኝ ባሪቶኑ (ከቴነር ዝቅ ያለ የወንድ ድምፅ ያለው ዘፋኝ) ቲቶ ጎቢ ነበር። የሮም ፖሊስ ሹም የሆነውን ስካርፒያን ሲጫወት ድምፁ ደረቅ፣ ዜማውም የተቆራረጠ መስሎኝ ለወራት የእርሱን ቦታ እየዘለልኩ አልፌያለሁ፤ በዚህም እቆጫለሁ።

ችግሬን የፈታልኝ የኦፔራው ግጥም፣ ሊብሬቶው ነው። እኛ ዘፈን ስንሰማ ጆሯችን ቀድሞ ወደ ግጥሙ ይሄዳል፤ ኦፔራን ግን ቋንቋው ስለማይገባን በድምፅ ውበት ብቻ ልንመዝነው እንሞክራለን። ስለዚህ ጣሊያንኛውን ከትርጉሙ ጋር ጎን ለጎን አድርጌ አንዲት አጭር ቦታ መረጥኩና በየምሽቱ፣ አንዴ ካላስን ብቻ፣ አንዴ ጎቢን ብቻ እየተከተልኩ ደጋገምኳት። ፍቅረኛዋ ካቫራዶሲ (ዲ ስቴፋኖ) በስካርፒያ ትእዛዝ ከተሠቃየ በኋላ ቶስካ ስካርፒያን «ኳንቶ?» ትለዋለች፤ ፍቅረኛዋን ለመልቀቅ «ስንት?» ማለቷ ነው። ካላስ ይህን ቃል ዘፈነችው ለማለት ያስቸግራል፤ ከደረቷ አውጥታ ትወረውርበታለች። ጎቢ ያንኑ ቃል እየሳቀ ይመልስላታል፤ «ዋጋው!» ስትለውም፣ ሰዎች ጉቦኛ እንደሚሉት፣ ለቆንጆ ሴት ግን ራሱን በገንዘብ እንደማይሸጥ ይነግራታል። ይህን ሲል አይጮኽም፤ እንግዳ እንደሚያስተናግድ ጨዋ ሰው ድምፁን ያለሰልሰዋል፣ የሚያስፈራውም ይኸው ልስላሴ ነው። ደረቅ ያልኩት ድምፅ ለእያንዳንዱ ቃል የተለየ መልክ የሚሰጥ ድምፅ እንደነበረ የተረዳሁት ያኔ ነው። የቅጂው አዘጋጅ ዋልተር ሌግ እንደተረከው፣ የኦርኬስትራው መሪ ቪክቶር ዴ ሳባታ ጎቢን የመጀመሪያውን ገቢር ድርሻውን ሠላሳ ጊዜ አስደጋግሞታል፤ አሁን ሳዳምጠው ያ ድካም የት እንደገባ ይሰማኛል።

በዚሁ ገቢር ቶስካ ብቻዋን የምትዘፍነውን «ቪሲ ዳርቴ»ን ከተመረጡ አሪያዎች (የኦፔራ ነጠላ ዘፈኖች) ስብስብ ነጥሎ መስማት ለጀማሪ ይጎዳል ብዬ አጥብቄ አምናለሁ። እኔ ራሴ ለሁለት ወር እንደ ውብ ጸሎት ብቻ ሰምቼዋለሁ። ከእርሱ በፊት ግን ወደ መገደያቸው የሚወሰዱ ሰዎች ከበሮ ከውጭ ይሰማል፣ ስካርፒያም የሚፈልገው ገላዋን እንደሆነ ነግሯታል፤ «ለጥበብ ኖርኩ፣ ለፍቅር ኖርኩ፤ በሕይወት ባለች ነፍስ ላይ ክፉ ሠርቼ አላውቅም» የምትለው መውጫ አጥታ ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ የካላስ ድምፅ ከፍተኛው ኖታ ላይ ደርሶ ሲመለስ የምሰማው ልመናዋን ነው።

ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ይረዳል፤ ቅጂው ሞኖ (በአንድ የድምፅ መስመር ብቻ የተቀዳ) ስለሆነ ውድ መሣሪያ መግዛት ግን ግድ አይደለም። ሦስተኛውን ገቢር እስካሁን በትዕግሥት አልሰማሁትም፤ ሁልጊዜ ወደ «ኳንቶ?» እመለሳለሁ። በዚህ ወር ዲ ስቴፋኖ የቶስካን እጆች እያወደሰ ከሚዘፍንባት «ኦ ዶልቺ ማኒ» ልጀምር አስቤ፣ ግጥሙን ከነትርጉሙ በእጄ ገልብጬ ጨርሻለሁ።