ረዳት ግሱ ከባለቤቱ ሲቀድም

በአማርኛ አንድን ነገር ማጉላት ስንፈልግ ቃሉን ወደ ፊት ብናመጣው ይበቃናል። «ልጁ ዳቦውን በላው» የነበረው «ዳቦውን ልጁ በላው» ሲሆን ግሱ ከቦታው አይነቃነቅም። በእንግሊዝኛ ግን ወደ ፊት የወጣው ቃል አሉታ ወይም እንደ «ሬርሊ» (ከስንት አንዴ) እና «ኦንሊ» (ብቻ) ወደ አሉታ የሚጠጋ ከሆነ ረዳት ግሱንም ይዞት ይወጣል። የእኛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ቃሉን ያስቀድምና ግሱን እንደ ነበረ ይተወዋል።

«አይ ሃቭ ኔቨር ሲን ሰች ሬይን» (እንዲህ ያለ ዝናብ አይቼ አላውቅም) ተራ አነጋገር ነው። «ኔቨር» ሲቀድም «ኔቨር ሃቭ አይ ሲን ሰች ሬይን» ይሆናል። ባለቤቱን የዘለለው «ሃቭ» ብቻ ነው፤ «ሲን» ከኋላ ይቀራል። «ኔቨር አይ ሃቭ ሲን» ማለት አይቻልም። ሌላም ወጥመድ አለ። እኛ «በጭራሽ አላየሁም» ስንል «በጭራሽ»ም አለ፣ ግሱም አሉታ ነው። እንግሊዝኛው አንዱ ይበቃዋል፤ «ኖት» ከተጨመረበት ትርጉሙ ይገለበጣል።

ረዳት ግስ ከሌለ «ዱ»፣ «ደዝ» ወይም «ዲድ» ይገባል። «ሺ ሬርሊ ኮምፕሌይንድ» የሚለው «ሬርሊ ዲድ ሺ ኮምፕሌይን» ይሆናል። ኃላፊ ጊዜውን «ዲድ» ስለወሰደው «ኮምፕሌይንድ» ማለት አያስፈልግም። «ኢዝ» እና «ዋዝ» ግን ረዳት ሳይሹ ራሳቸው ይቀድማሉ።

በጣም የምወዳቸው ሁለት ሐረጎች አሉ፤ ልዩነታቸው አንዲት መስተዋድድ ናት። «አት ኖ ታይም ዋዝ ሂ አሎን» ማለት ለአፍታም ብቻውን አልሆነም ነው። «ኢን ኖ ታይም ሂ ዋዝ አሎን» ደግሞ ወዲያውኑ ብቻውን ቀረ ማለት ነው። ሁለተኛው «ኖ» ቢኖረውም ዓረፍተ ነገሩን አሉታ አላደረገውም፤ ስለዚህ ቅደም ተከተሉ አልተነካም። ሕጉን የሚያዘው የቃሉ መልክ ሳይሆን ዓረፍተ ነገሩ በእርግጥ አሉታ መሆኑ ነው።

«ኦንሊ አፍተር» እና «ኖት አንቲል» ጥንቃቄ ይፈልጋሉ፤ ለውጡ የሚታየው በዋናው ሐረግ ላይ ነው፦ «ኦንሊ አፍተር ዘ ሬይን ስቶፕድ ዲድ ዊ ሊቭ» (የሄድነው ዝናቡ ካቆመ በኋላ ብቻ ነው)። ዝናቡ ያለበት ጥገኛ ሐረግ እንዳለ ይቆያል። «ኦንሊ» የሚገልጸው ባለቤቱን ከሆነ ደግሞ ምንም አይለወጥም፦ «ኦንሊ አልማዝ ኖውዝ»።

ቦታ አመልካቾች ሌላ ጠባይ አላቸው። «ሂር ካምዝ ዘ ባስ» ሲባል «ደዝ» ሳይገባ ዋናው ግስ ራሱ ይቀድማል። ባለቤቱ ተውላጠ ስም ከሆነ ግን «ሂር ኢት ካምዝ» ነው።

አሉታ ቃልን የማስቀደም አነጋገር ለጽሑፍ፣ በሕዝብ ፊት ለሚደረግ ንግግርና ለደንብ ይስማማል፤ «አንደር ኖ ሰርከምስታንስስ» (በምንም ሁኔታ) ብሎ የሚጀምር ማስጠንቀቂያ ክብደት አለው። ከጓደኛ ጋር ሲያወሩ ግን ይከብዳል፤ በአንድ አንቀጽ ሁለቴ ከመጣም ጉልበቱን ያጣል።

«ኢፍ»ን ጥሎ ረዳት ግሱን ማስቀደምም የዚሁ ቤተሰብ ነው፦ «ኢፍ አይ ሃድ ኖውን» ለማለት «ሃድ አይ ኖውን»። አሉታው ሲመጣ «ሃድ አይ ኖት ኖውን» ይባላል። «ሃድንት አይ ኖውን» ብሎ ማሳጠር ዓረፍተ ነገሩን ጥያቄ ያስመስለዋል።