ሃይሉክሷን ከፍ ካደረጋችኋት በኋላ፦ መጀመሪያ ቁመቷ፣ ከዛ ነው አላይመንት

ባሌ ውስጥ ከጎባ ወደ ደሎ መና የነዳ ሰው ፒክአፔን ለምን ከፍ እንዳስደረኳት አይጠይቀኝም። ሳነቴ ላይ 4000 ሜትር አልፈህ ትወጣና ወደ ሀረና ጫካ ቁልቁል ስትገባ የከባድ መኪና ጎማ ግራና ቀኙን ቆፍሮት መሀሉ ጉብ ብሎ ይጠብቅሃል፣ ዝናብ ከጣለ ደሞ መኪናዋ ሆዷን እየጎተተች ነው የምትሄደው። እኛ ቡና ልናመጣ በዓመት ሶስት አራቴ እንሄዳለን፣ በየጉዞው ከስር ብረት ሲፋቅ መስማት ሰለቸኝና ጋራዥ ወሰድኳት።

መኪናዋ 5ኤል ሞተር ያላት ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ናት፣ ከፊት ቶርሽን ባር (እየተጠመዘዘ እንደ ሞላ የሚሸከማት ዘንግ) ከኋላ ባሌስትራ። ጋራዡ የቶርሽን ባሩን ቡሎን አጥብቆ ፊቷን 7 ሴንቲ አነሳ፣ ከኋላ አንድ አንድ ባሌስትራ ጨመረ፣ በአንድ ቀን አለቀ። ቁመናዋ በጣም አማረኝ። በዛው ቀን አላይመንት ቤት (የጎማ አንግል የሚያስተካክሉበት) አስገባኋት፣ ልጁ ቶዋን፣ ማለትም የፊት ጎማዎቹ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚያዩበትን፣ አስተካክሎ ካስተሩ፣ ማለትም ጎማው ሲጠመዘዝ የሚዞርበት መስመር ወደ ኋላ የሚያጋድልበት አንግል፣ ግን አልመጣ ሲለው "ቶው ከተስተካከለ ይበቃል" አለኝና ከፍዬ ወጣሁ።

ሶስት ሳምንት አልሞላም። መሪው ወደ ቀኝ ይስባል፣ ካጠፍኩ በኋላ ደሞ ራሱ አይመለስም፣ በእጄ ነው የምመልሰው። አንድ ቀን ጠዋት ጎማውን በመዳፌ ከውጭ ወደ ውስጥ ዳሰስኩት፣ ለስላሳ ነው፣ ከውስጥ ወደ ውጭ መልሼ ስዳስሰው ግን የጥርሶቹ ጠርዝ እንደ መጋዝ ይይዛል። ቀኝ ጎማ ላይ ደሞ የውጭው ጠርዝ ከሌላው ቀድሞ መበላት ጀምሯል። ይሄን መዳሰስ ሁላችሁም ልመዱት፣ ጎማው በአይን ጤነኛ በሚመስልበት ሰዓት እጅ ቀድሞ ያውቃል።

ሌላ አላይመንት ቤት ወሰድኳት፣ እዛ ያሉት ሽማግሌ ማሽኑን ሳይነኩ ወደ ኋላ ራቅ ብለው አዩዋትና "ልጄ፣ መኪናህ እኮ ጋደል ብላለች፣ እኔ ጎማ ነው የማስተካክለው፣ ጋደል ያለች መኪና ላይ ብሰራልህ ገንዘብህን መብላት ነው" አሉኝ። ጋሼ ልክ ነበሩ። ማሽኑ የሚያየው ጎማው በዛች ሰዓት ያለበትን አንግል ብቻ ነው፣ ቁመቷ ነገ ሲቀየር አንግሉም አብሮ ይቀየራል። እና ቁመት ሳይጨርሱ አላይመንት መግባት ሁለቴ መክፈል ነው፣ ጎማውን ሳንቆጥር ማለቴ ነው።

ቤት መጥቼ ለካሁ። አለካኩ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ ከመሬት እስከ ፓራፋንጎ ይለካሉ፣ እሱ ጎማው ውስጥ ያለውን ንፋስ ጭምር ነው የሚለካው። ከጎማው መሀል፣ ማለትም ከቸርኬው እምብርት፣ ቀጥ ብላችሁ ወደ ላይ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ለኩ። መሬቱ የተስተካከለ ይሁን፣ ከክሪክ ካወረዳችኋት በኋላ ደሞ ወደፊትና ወደኋላ ትንሽ አንከባሏት፣ ፊቷንም ኋላዋንም እየተጫናችሁ አወዛውዟት፣ ምክንያቱም ጎማው ሲወርድ መሬቱን ነክሶ ይይዝና የውሸት ቁመት ይሰጣችኋል። እኔ ሳላንከባልል ለክቼ ሙሉ ከሰዓት አባክኛለሁ።

የኔዋ ከፊት ግራው ከቀኙ 14 ሚሊሜትር ዝቅ ብሏል፣ ከኋላ ደሞ 22 ሚሊሜትር። ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ፊቷ ላይ የሚታየው መጋደል የመጣው ከኋላ ነው። ግራው ባሌስትራ ለዓመታት ተጭኖ ተጭኖ ሞቷል፣ ሻንሲው አንድ አካል ስለሆነ ኋላዋ ወደ ግራ ሲያጋድል ፊቷንም ይዞ ይሄዳል። ቀኙ ፊት ከግራው ከፍ ብሎ ቀረ፣ ከፍ ሲል ካስተሩ ቀነሰ ካምበሩም (ጎማው ከላይ ወደ ውጭ ወይም ወደ ውስጥ የሚያጋድልበት) ወደ ውጭ ወጣ፣ መኪና ደሞ ካስተሩ ወዳነሰበትና ካምበሩ ወደ ውጭ ወደወጣበት ጎን ነው የምትስበው፣ ወደ ቀኝ የሄደችበት ምክንያት ይሄ ነው።

ሶማሌ ተራ ሄጄ ደህና ባሌስትራ ፈልጌ የግራውን አስቀየርኩ፣ የኋላው ልዩነት ወደ 4 ሚሊሜትር ወረደ፣ ፊቷን ሳልነካ የፊቱ ከ14 ወደ 8 መጣ። ፊቷን ብቻ እያጠበኩ ለማመጣጠን ብሞክር ኖሮ አንዱ የፊት ጎማና በዲያጎናል ያለው የኋላ ጎማ ከድርሻቸው በላይ ተሸክመው ነበር የሚሄዱት።

ከዛ ቶርሽን ባሩ። ቡሎኑ ላይ በቀለም ምልክት አድርጌ፣ ክብደቱን በክሪክ አውርጄ፣ ሁለት ሁለት ዙር እያላላሁ፣ በየመሀሉ አንከባልዬ እየለካሁ ሄድኩ። አንዱን ስትነካው ሌላውም ትንሽ ስለሚንቀሳቀስ ትዕግስት ይጠይቃል። የግራና ቀኙን ልዩነት ወደ 3 ሚሊሜትር አመጣሁት። 7 ሴንቲውንም ወደ 4 አወረድኩት፣ ምክንያቱም ሻንሲዋን በክሪክ ሳነሳት ጎማው ሁለት ጣት እንኳ ሳይወርድ የላይኛው አርም (ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያያዘው ክንድ) ከማቆሚያ ላስቲኩ ጋር ይጋጭ ነበር። ብዙ ሰው ቶርሽን ባር ሲጠብቅ ይጠነክራል ይላል፣ ብረቱ ያው ብረት ነው፣ መነሻ ቦታው ብቻ ነው የሚቀየረው፣ ወደ ላይ የምታገኘውን ወደ ታች ትከፍላለህ። ጉድጓድ ውስጥ ስትገባ "ድም" የሚለው ድምፅ እሱ ነበር፣ እኔ ደሞ አሞርዛተር ሄዷል ብዬ ልቀይር ነበር። የሲቪ ጆይንቱ (የሞተሩን ኃይል ለፊት ጎማ የሚያደርሰው መገጣጠሚያ) መሸፈኛ ጎሚኒም በዛ ቁመት ታጥፎ እርስ በርሱ ይፋተግ ነበር፣ ስናወርዳት ተላቀቀ።

አንድ በጣም የምለምናችሁ ነገር፣ የአርሞቹን ቡሎን ያላላ ሜካኒክ መኪናዋ ክሪክ ላይ ተንጠልጥላ እያለች መጨረሻውን አያጥብቅ። አርሙ መገጣጠሚያ ላይ ያለው ቡሽ ላስቲክ ነው፣ ሲጠብቅ ባለበት አንግል ይያዛል፣ መኪናዋ ስትወርድ ተጠምዝዞ ይቀርና ቁመቱንም ያዛባል ራሱም ቶሎ ይቀደዳል። በእግሯ ቆማ ነው የሚጠብቀው።

ወደ ጋሼ ስመለስ እንደምጓዝባት አድርጌ ነው የወሰድኳት፣ ጄሪካኑ፣ ትርፍ ጎማው፣ የእቃ ሳጥኑ፣ ግማሽ ነዳጅ። የታችኛው አርም ላይ ያሉት ኤክሰንትሪክ ቡሎኖች (ሲዞሩ አርሙን ወዲህ ወዲያ የሚገፉት) ከቡሹ ብረት ጋር በዝገት ተዋህደው ነበር፣ አንደኛው ብቻውን በዘይትና በእሳት ሁለት ሰዓት ፈጀ። እነሱ ካልዞሩ ካስተርና ካምበር የሚባል ነገር የለም፣ የመጀመሪያው ልጅ "ቶው ይበቃል" ያለኝም አሁን ሳስበው ለዚህ ይመስለኛል። ጋሼ መጀመሪያ ካስተሩን ግራና ቀኝ አቀራረቡ፣ ከዛ ካምበሩን፣ ቶውን መጨረሻ፣ ሁለቱ ሲነኩ ቶው ስለሚሄድ።

ፍሬኑን ደሞ ለቦሎ ምርመራ ስወስዳት ነው ያወቅኩት፣ የኋላው ደካማ ነው አሉኝ። እንደኔዋ ያለች ሃይሉክስ ከኋላ አክስሉ ጋር በዘንግ የተያያዘ ቫልቭ አላት፣ ጭነት ሲበዛ ሻንሲው ወደ አክስሉ ሲጠጋ ለኋላ ፍሬን ተጨማሪ ግፊት ይለቃል። ኋላዋን ከፍ ስታደርጋት ቫልቩ ሁሌ ባዶ ናት ብሎ ያስባል፣ ጭነህም ጭምር። ሜካኒኩ የዘንጉን ቦታ አስተካከለው። ይሄን ማንም አልነገረኝም ነበር፣ ቡና ጭኜ ከሳነቴ ቁልቁል ስወርድ እንደዛ እንደነበረች ሳስብ አሁንም ሰውነቴን ይወረኛል። እባካችሁ ከፍ ያደረጋችሁ ሁሉ እሱን አሳዩ፣ የፊት መብራቱንም ዝቅ አስደርጉት፣ ከፊት የሚመጣውን ሰው አይን ነው የሚወጋው።

ከ500 ኪሎሜትር በኋላ ደግሜ ስለካት ከፊት 6 ሚሊሜትር ተቀምጣለች፣ ግን ሁለቱም ጎን እኩል ስለወረደ የግራና ቀኙ ልዩነት 3 ሚሊሜትር ላይ ነው ያለው። ጋሼ ጋር ቶውን ብቻ አስነካኋት። መሪው አሁን ካጠፍኩ በኋላ ራሱ ይመለሳል፣ ትናንት ማታ ጎማውን ዳሰስኩት፣ በሁለቱም አቅጣጫ ለስላሳ ነው።