ከደሴ ወደ ዱባይ ወደብ፦ የመርከብ ሽርሽር ዋጋ ምን ይሸፍናል፣ ምን አይሸፍንም

ማስታወቂያው «የሰባት ሌሊት ጉዞ፣ ከ500 ዶላር ጀምሮ» ይላል እንበል። ቁጥሩ የአንድ ሰው ነው፤ ያውም አንዱን ካቢን፣ ማለትም የመርከቡን መኝታ ክፍል፣ ሁለት ሰው ሲካፈለው፣ ያውም መስኮት የሌለውን የውስጥ ካቢን። ብቻውን የሚሄድ ሰው የባዶውን አልጋም ስለሚከፍል ሂሳቡ ወደ እጥፍ ይጠጋል። መስኮት ያለው፣ በረንዳ ያለው፣ ከዚያም ሰፊው ክፍል ስዊቱ እየተባለ ዋጋው ደረጃ በደረጃ ይወጣል። የወደብ ክፍያና ታክሱን አንዳንዱ ድርጅት ዋጋው ውስጥ አካቶ ያሳያል፤ ሌላው መክፈያው ገጽ ላይ ስትደርሱ ነው የሚጨምረው። ከአክስቴ ጋር ዱባይ ላይ የተሳፈርንበት መርከብ ሁለተኛው ዓይነት ነበር፤ አቡዳቢን፣ ዶሃንና ማናማን ነክቶ ዱባይ የሚመለስ። ደሴ ከገባሁ ወዲህ የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ ምኑ ተከፍሎ ምኑ እንደሚቀር በጉዞው ቅደም ተከተል ላስቀምጠው።

የመርከቡ ዋጋ የሚጀምረው ወደቡ ላይ ነው። እዚያ መድረስ የተሳፋሪው ጉዳይ ነው፤ ለእኛ ደግሞ ትልቁ ወጪ ይኸው ነው። ደሴ አየር ማረፊያ ስለሌላት ሐረጎን ወርደን ኮምቦልቻ እንሄዳለን፤ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ቁልቁለቱ ላይ ከጭነት መኪና ኋላ የገባ ሰው ሰዓቱ ይረዝምበታል። ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ዱባይ ያለውን በረራ በአንድ ትኬት ማስቆረጥ ይሻላል። አንድ ትኬት ሲሆን የሻንጣው ኪሎ በዓለም አቀፉ ይታያል፤ የኮምቦልቻው በረራ ቢዘገይ ቀጣዩን ማመቻቸት የአየር መንገዱ ኃላፊነት ይሆናል። ለየብቻ ከተቆረጠ ግን የአገር ውስጡ የኪሎ ገደብ ይሠራል፤ የዱባዩ አውሮፕላን ቢያመልጥም ኪሳራው የራስ ነው። መርከቡ ማንንም አይጠብቅም። ስለዚህ ዱባይ ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት መግባት፣ የዚያን ሌሊት ሆቴልም በጀት ውስጥ ማስገባት ግድ ነው። አክስቴ እዚያው ስለሚኖሩ እኔ ከሆቴሉ ዳንኩ፤ ዘመድ የሌለው ይደምረው።

ቪዛው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። መርከቡ ከዱባይ ወጥቶ፣ ሌሎች አገሮችን ነክቶ ዱባይ ስለሚመለስ ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ የተሰጠ ቪዛ አይበቃም፤ ተመላላሽ ቪዛ ያስፈልጋል። መርከቡ የሚነካቸው አገሮችም የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ሰው ምን እንደሚጠይቁ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ለየብቻ መጣራት አለበት። ከመርከብ አልወርድም ማለት ሁልጊዜ አያድንም። ወደቡ ላይ ሲመዘገቡ ቪዛው ካልተሟላ አያሳፍሩም፣ የከፈላችሁትንም አይመልሱም፤ ውሉ ላይ ሰነድ ማሟላት የተሳፋሪው ኃላፊነት እንደሆነ ተጽፏል። ፓስፖርቱ ጉዞው ካለቀ በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር የሚያገለግል ይሁን። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም ከኢትዮጵያ የሚነሳን ሰው የሚጠይቅ አገር ስላለ ከፓስፖርቱ ጋር አይለይ።

ከባንክ ዶላር ለመግዛት ፓስፖርት፣ ቪዛና የጉዞ ትኬት ስለሚጠየቅ ቅደም ተከተሉ ራሱ ይወስናል፦ መጀመሪያ ቪዛው፣ ቀጥሎ ትኬቱ፣ ከዚያ ባንኩ። የመርከቡ ቀሪ ክፍያ ግን ብዙ ጊዜ ከመነሻው ቀን ከ60 እስከ 90 ቀን ቀድሞ መጠናቀቅ አለበት። ያ ቀን ካለፈ በኋላ የሚሰርዝ ሰው ከፊሉን ወይም ሙሉውን ያጣል። ቪዛ ዘግይቶ ቢከለከል ገንዘቡ መርከቡ ዘንድ ይቀራል ማለት ነው። ዘመድ በካርዱ የሚከፍልላችሁ ከሆነ ይህን ቀድማችሁ ንገሩት።

መርከቡ ላይ ጥሬ ገንዘብ አይሠራም። ሲመዘገቡ የባንክ ካርድ ይያዛል ወይም በጥሬው ማስያዣ ይቀመጣል፤ ከዚያ ወዲያ የካቢኑ ቁልፍ ካርድ ገንዘብ ነው። ማስያዣው ሲያልቅ ካርዱ አልሠራም ይላል፤ እንግዳ መቀበያው ሄዶ መጨመር ነው።

በዋጋው ውስጥ ያለው ቀላል አይደለም። አልጋው፣ የካቢኑ ጽዳት፣ በዋናው ምግብ ቤትና በቡፌው ቁርስ፣ ምሳና እራት፣ የማታው ትርኢት፣ መዋኛው፣ የስፖርት ክፍሉ፣ የልጆች መዋያው፣ ከአገር አገር ማድረሱም ጭምር ተከፍሎበታል። ዋናው ምግብ ቤት ተቀምጠው ታዘው የሚበሉበት ሆኖ ሳለ ለብቻው የሚከፈልበት መስሏቸው ሳይገቡ የሚመለሱ አይቻለሁ። ሁለት ዓይነት ቀዳሚ ምግብ ማዘዝም ሂሳብ አይጨምርም። የሚከፈልባቸው ምግብ ቤቶች ሌሎች ናቸው፦ የሥጋ ጥብሱ፣ የጃፓኑ፣ የጣሊያኑ፤ በራቸው ላይ አንድ ሰው የሚከፍለው ዋጋ ተለጥፏል።

መጠጥ ላይ መስመሩ ይቀጥናል። ቡፌው ውስጥ ከማሽን የሚቀዳ ውሃ፣ ሻይና ተራ ቡና አብዛኛው መርከብ ላይ ነጻ ነው። ማክያቶ ግን ይከፈልበታል፤ ኤስፕሬሶ ከሚያወጣ ማሽን የመጣ ሁሉ እንደ ባር መጠጥ ይቆጠራል። የታሸገ ውሃም እንደዚያው፤ ካቢኑ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው ጠርሙስ አንገቱ ላይ ትንሽ ወረቀት ተንጠልጥላለች፣ ዋጋው እሷ ላይ ነው። የትንሿ ፍሪጅ ዕቃም በሙሉ ይቆጠራል፤ አንዳንዶቹ ከቦታው የተነሳውን ራሳቸው ይመዘግባሉ፣ ስለዚህ የራስን ዕቃ ለማቀዝቀዝ ብሎ የእነሱን ማውጣት ጣጣ ያመጣል።

አሁን ደረሰኙን ቀረብ ብለን እንይ። አንድ ማክያቶ 4 ዶላር ቢሆን ከሥሩ የአገልግሎት ክፍያ ይመጣል፣ 18 ወይም 20 ፐርሰንት። በ18 ሲሰላ 72 ሳንቲም ነው፤ ድምሩ 4.72። ከድምሩ በታች ደግሞ ተጨማሪ ቲፕ የሚል ባዶ መስመር አለ፣ ቀጥሎ የፊርማ ቦታ።

«ልጄ፣ ይህ ክፍት ቦታ ምን ይጻፍበት?» አሉኝ አክስቴ እስክሪብቶውን ይዘው።

«ምንም አይጻፉበት፣ አክስቴ። ቲፑ ከላይ ተደምሯል። ሰረዝ አድርገው ይፈርሙ።»

አስተናጋጁን ማስደሰት የፈለገ ይጨምር፤ ይሉኝታ ይዞት ሁለቴ የሚከፍለው ሰው ግን ብዙ ነው።

ይህ የባሩ ነው። የሠራተኛው የቀን ቲፕ ደግሞ ለብቻው አለ፤ ካቢን ለሚያጸዳውና ምግብ ቤት ለሚያገለግለው ተብሎ በየቀኑ በየሰዉ ሂሳብ ላይ በራሱ ይወርዳል። የአሜሪካ ትልልቅ ድርጅቶች ተራው ካቢን ላይ በቀን ከ16 እስከ 20 ዶላር ገደማ ያስከፍላሉ፤ ሌሎች ዝቅ ይላሉ፣ ዋጋው ውስጥ ያካተቱም አሉ። በ16 ቢሰላ ለሁለት ሰው ሰባት ሌሊት 224 ዶላር ነው። ከመናኸሪያችን አውቶቡስ ትኬት ቆርጦ ሻንጣው ላይ ሌላ ሂሳብ እንደሚጠየቅ መንገደኛ ያናድዳል፤ ልዩነቱ ይኼኛው አስቀድሞ ውሉ ላይ መጻፉ ነው። አንዳንድ ድርጅት እንግዳ መቀበያው ላይ ተጠይቆ ይቀንሳል ወይም ያነሳል። እኔ አላስነሳም፤ ከደመወዛቸው ውስጥ የሚታሰብ ነውና። ቀድሞ የከፈለ ሰው ግን መጨረሻው ቀን ላይ አይደነግጥም።

የመጠጥ ፓኬጅ ሲሸጡላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ። አንድ ካቢን ውስጥ ያሉ አዋቂዎች ሁሉ መግዛት አለባቸው ወይ? ብዙ ቦታ የአልኮሉ ፓኬጅ ላይ መልሱ አዎ ነው። ለጉዞው ሙሉ ቀን ነው ወይስ ቀን መርጦ መግዛት ይቻላል? በአብዛኛው ሙሉውን ነው። የአገልግሎት ክፍያው ከተጻፈው ዋጋ ላይ ይደመራል ወይ? አልኮል ለማይጠጣ ሰው የለስላሳ፣ የጁስና የቡና ፓኬጅ ለብቻው አለ፤ በቀን ሁለት ማክያቶ ብቻ የሚጠጣ ሰው ግን በቁጥር ቢከፍል ይሻለዋል።

ጾምን በተመለከተ፦ መርከቦቹ በዱባይ በኩል ባለው ባሕር፣ ገልፍ ላይ የሚሠሩት ሙቀቱ በሚቀንስበት ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው ወቅት ስለሆነ የነቢያት ጾምም ዐቢይ ጾምም እዚሁ ይውላሉ፤ ረመዳንም በእነዚህ ዓመታት የካቲትን ይነካል። የጾም ምግብ ሲጠይቁ «ቬጅቴሪያን» ማለት አይበቃም፤ ቅቤ፣ አይብና እንቁላል ይዞ ይመጣል። «ቪጋን» በሉ። ሐላል የሚፈልግ ሰው ጉዞው ከመድረሱ ሳምንታት ቀድሞ በጽሑፍ ማስመዝገብ አለበት፤ ጭማሪ የማይጠየቅበት ቢሆንም በዕለቱ ተነስቶ ማዘዝ አይቻልም። ለሱሁር ደግሞ ቡፌው ሌሊት ስለሚዘጋ ማታ ፍራፍሬና ዳቦ ወደ ካቢን መያዝ ወይም ካቢን ድረስ የሚያመጡት ምግብ ማድረሻ ይከፈልበት እንደሆነ መጠየቅ ነው።

ስንቅ ይዤ እገባለሁ የሚል ካለ ቤት የተዘጋጀ ምግብ ብዙ ድርጅቶች አያስገቡም። በሶውና ዳቦ ቆሎው ፍተሻው ላይ ሊቀር ይችላል፤ ፋብሪካ ያሸገው ደረቅ ምግብ ያልፋል። ጀበና ከነከሰሉ ማሰብ የለም፤ የቡና ማፍያ፣ የልብስ ካውያ፣ ሻማና ዕጣን በእሳት ምክንያት ክልክል ናቸው። ካውያ ስለሌለ ልብስ ማስተኮስና ማሳጠብ በቁራጭ ይከፈላል። ነጠላና ሸሚዝ የማይጨማደድ መርጦ መያዝ ይህን ወጪ ይቆርጣል።

ስልክ ከሁሉ በላይ አዘናጊ ነው። መርከቡ ከወደብ ሲርቅ የራሱን የባሕር ላይ ኔትወርክ ይከፍታል፤ ሮሚንግ (በሌላ ኔትወርክ መጠቀሚያው) የተከፈተ ሲም ካለ ስልኩ ሳትነኩት ይያያዝና ይቆጥራል። መልሕቅ ከመነሳቱ በፊት ስልኩን አውሮፕላን ሁነታ ላይ አድርጋችሁ ዋይፋዩን ብቻ ክፈቱ። ዋይፋዩ በሳተላይት ነው፤ በቀኑና በሚያያዙት ስልኮች ብዛት ልክ ይሸጣል። ከመሳፈር በፊት በድረ ገጹ ሲገዛ ይረክሳል። ሁለት ሰው አንድ መስመር ገዝቶ እየተፈራረቀ መጠቀም ይችላል፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል።

ወደብ ላይ መውረድ ነጻ ነው፤ ማስጎብኘቱ ግን ለብቻው ይከፈላል። የዕቃ መርከብ የሚያራግፉባቸው ወደቦች ውስጥ በእግር መሄድ ክልክል ስለሆነ እስከ በሩ አውቶቡስ ያመላልሳል፤ ከበሩ እስከ ከተማው ያለው ብዙ ጊዜ የሚከፈልበት ነው። የመርከቡን አስጎብኚ የያዘ ሰው ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቀዋል። በራሱ ታክሲ የወጣን አይጠብቅም፤ ቀጣዩ ወደብ ድረስ በራሱ ወጪ ይሄዳል፣ የቪዛው ነገርም ሌላ ራስ ምታት ነው። ሰዓቱ የሚጻፈው በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው፦ 16:30 ማለት በእኛ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ነው። አገር ሲቀየር ሰዓቱም ሊቀየር ስለሚችል የሚታመነው የመርከቡ ሰዓት ነው።

ሐኪም አለ፣ ግን በነጻ አያክምም። የምርመራውም የመድኃኒቱም ሂሳብ ካቢኑ ላይ ይጻፋል፤ ኢንሹራንሱ በኋላ የሚተካው ደረሰኝ ሲቀርብለት ነው። የጉዞ ኢንሹራንስ ስትገዙ ከባሕር ላይ በሕክምና ምክንያት መወሰድን የሚሸፍን መሆኑን አንቀጹን አንብቡ፤ የጤናው ሽፋን ኖሮት ይህ የሌለው ውል አለ።

እንግዲህ በመነሻው የ500 ዶላር ምሳሌ ለሁለት ሰው እንደምረው። ካቢኑ 1,000። የወደብ ክፍያና ታክስ በሰው 120 ቢሆን 240። የቀን ቲፕ 224። አንድ የዋይፋይ መስመር በቀን 20 ቢሆን 140። ሁለት ወደብ ላይ ጉብኝት በሰው 60 ቢሆን 240። ሁለት ሰው በቀን አንዳንድ ማክያቶ ከነአገልግሎቱ 66። ድምሩ 1,910 ዶላር፤ በረራ፣ ቪዛና ኢንሹራንስ ሳይጨመር። ዋይፋዩን፣ ጉብኝቱንና ማክያቶውን የተወ ሰው 1,464 ላይ ይቆማል። ከዚያ በታች መውረጃ የለም ማለት ይቻላል።

ሂሳቡን በየማታው ካቢኑ ቴሌቪዥን ላይ ወይም መተግበሪያው ላይ ማየት ልማድ ይሁን። ያልጠጡት ውሃ ተጽፎ ሲገኝ በዚያው ቀን እንግዳ መቀበያው ቢነግሩት በቶሎ ይሰረዛል፤ መጨረሻው ጠዋት ላይ ግን ሰልፉ ረጅም ነው፣ ሁሉም ሻንጣውን ማታ በር ላይ አውጥቶ ለመውረድ ቸኩሏል። በዴቢት ካርድ የተመዘገበ ሰው ሌላም ይጠብቀው፦ ድርጅቱ በየቀኑ የሚይዘው ማስያዣ ከመጨረሻው ሂሳብ የተለየ ስለሆነ ከወረዱ በኋላም ባንኩ እስኪለቀው ቀናት ይወስዳል። እስከዚያ ካርዱ ላይ ያለው ገንዘብ የተቀነሰ ይመስላል። የመጨረሻውን ሂሳብ በወረቀት አሳትማችሁ ማስያዣው እስኪለቀቅ አትጣሉት፤ ለመመለሻው ሻንጣና ከኮምቦልቻ ደሴ ላለው ታክሲ የሚሆን ደግሞ ካርዱ ላይ ሳይሆን በእጃችሁ ይቅር።