ግራውን አልነካሁትም ነበር

ጫና ሲቀየር የመንጋጋ መገጣጠሚያ ምን እንደሚሆን በአይጥ ላይ ማየት ፈለግኩ። ዕቅዴ ቀላል ነበር። በማደግ ላይ ባሉ አይጦች ቀኝ መንጋጋ ጥርስ ላይ ስስ ሙሌት ለጥፌ ንክሻውን ከፍ አደረግኩት። ግራውን ለማነጻጸሪያ ተውኩት። አራት ሳምንት ጠበቅኩ።

አጥንት ለማይክሮስኮፕ በስሱ ከመቆረጡ በፊት ካልሲየሙ መውጣት አለበት። ቸኮልኩና በጠንካራ አሲድ አወጣሁት። ሳፍራኒን ኦ የሚባለው ቀለም በካርቲሌጅ (የአጥንትን ጫፍ በሚሸፍነው ልስልስ አካል) ውስጥ ያለውን ፕሮቲዮግላይካን የሚባል፣ ውሃ የሚይዝ ሞለኪውል ቀይ ያደርጋል። የእኔ ናሙናዎች ግን ገረጡ። ጫናው ካርቲሌጁን የበላው መስሎኝ በጣም ደስ አለኝ! ምንም ያልተደረገለት አይጥ ናሙናም እንደዚያው ገርጥቶ ሳየው ነው ጥፋቱ የአሲዱ መሆኑ የገባኝ። ከዚያ ወዲህ ካልሲየሙን ቀስ ብሎ በሚያወጣው ኢዲቲኤ በሚባል ኬሚካል ብቻ ነው የምሠራው። ሳምንታት ይፈጃል፤ ቀለሙ ግን ይተርፋል።

በሚቀጥሉት ናሙናዎች ሁሉም ነገር ጥርት ብሎ ታየኝ። የአጥንቱ ራስ ላይ ቃጫ የበዛበት ሽፋን አለ። ከሥሩ የሚባዙ ሕዋሳት ተደርድረዋል። እነሱ ወደ ካርቲሌጅ ሕዋስነት ይቀየራሉ፣ ወደ አጥንቱ ሲጠጉ ደግሞ ያብጣሉ። ይህ መገጣጠሚያ ከጫና ጋር ቅርፁን መቀየር የሚችለው በአብዛኛው በዚያች የሕዋስ ረድፍ ምክንያት ነው። እስካሁን ሳያት ደስ ይለኛል።

የካርቲሌጁን ውፍረት ስለካ ግን ቀኝና ግራ እኩል ሆኑ። ሦስት ቀን ደጋግሜ ለካሁ። ያው ነው። በመጨረሻ በዕድሜ እኩያ ከሆኑ፣ ምንም ካልተነኩ አይጦች ጋር ሳስተያያቸው ሁለቱም ወገን ተለውጦ አገኘሁት። የታችኛው መንጋጋ እኮ ሁለት መገጣጠሚያ የሚጋራው አንድ አካል ነው። ቀኙን ከፍ ሳደርግ የግራውም አቀማመጥ፣ የጡንቻዎቹም አሳሳብ አብሮ ተቀይሯል።

ሌላም ስህተት ነበር። መብላት እንዳይከብዳቸው ብዬ ሙሌት ላላቸው ብቻ ምግቡን አርጥቤ እሰጥ ነበር። ለስላሳ ምግብ ራሱ የማኘክ ጫናን ይቀንሳል፤ በማደግ ላይ ያለ አይጥ ካርቲሌጅ በዚያ ብቻ ሊሳሳ ይችላል። የለካሁት ለውጥ ከሙሌቱ ይሁን ከምግቡ መለየት አልቻልኩም።

በሁለተኛው ዙር ለሁሉም አንድ ዓይነት ምግብ ሰጠሁ። ሰመመን ብቻ የወሰደ፣ ሙሌት የሌለው ቡድን ጨመርኩ። ክብደታቸውንም በየሳምንቱ መዘንኩ። አሁን የግራ ናሙና ስላይድ ላይ «ማነጻጸሪያ» ብዬ አልጽፍም። «ግራ» ብቻ ነው የምለው።