ስልክ የነካው ጓንት

ረቡዕ ከሰዓት ነበር። ከፊቴ በረዶ ላይ 12 ትንንሽ ቱቦዎች ተደርድረዋል። ከስንዴ ሥር ያወጣሁት አርኤንኤ ነው፤ የዲኤንኤ ዘመድ የሆነ ሰንሰለት መሰል ሞለኪውል። ሥሩን በፈሳሽ ናይትሮጅን እያቀዘቀዝኩ በሙቀጫ ስወቅጥ ነው የዋልኩት። የመጨረሻው እጥበት ላይ ስደርስ ስልኬ ጠራ። ከቤት ነው። አነሳሁና «ሥራ ላይ ነኝ፣ በኋላ እደውላለሁ» ብዬ ዘጋሁት። አሥር ሰከንድ አይሞላም። ጓንቴን ግን ሳልቀይር ወደ ቱቦዎቹ ተመለስኩ።

ማታ አርኤንኤውን በመጠን የሚለየውን ጄል በአልትራቫዮሌት መብራት ሳየው ክው አልኩ። ጤነኛ አርኤንኤ ሁለት ጥርት ያሉ መስመሮች ያሳያል። የእኔው ከላይ እስከ ታች የተዝረከረከ ጭጋግ ነው። 12ቱም እንደዚያው። ለሦስት ሳምንት ውሃ ቆጥቤ እያጠጣሁ ያሳደግሁት ስንዴ ነበር። የዚያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ጠዋት ለኃላፊያችን ለዶክተሯ ፎቶውን አሳየኋት። ትንሽ ዝም ብላ፣ «ጓንትህ ምን ነክቶ ነበር?» አለችኝ።

«ስልኬን» አልኩ። አልተቆጣችም። ወረቀት ሳበች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቆዳችን ላይ አርኤንኤን የሚቆራርጥ ኢንዛይም አለ። አርኤንኤዝ ይባላል። ስልክ ላይም፣ የበር እጀታ ላይም አይጠፋም። ጥቂቷ ትበቃለች። አንዳንዱ ዓይነት ቢፈላ እንኳ ሲቀዘቅዝ ቅርጹን መልሶ ይይዝና ሥራውን ይቀጥላል። ይህን ሥራ ስጀምር ነግረውኝ ነበር። ምን እንደሚቆርጥና ለምን እንደሚቻለው ግን ጠይቄ አላውቅም።

ዶክተሯ የአርኤንኤ ሰንሰለት የተሠራበትን ስኳር ሣለች። አንዷን ኦክስጅን በእስክሪብቶ ከበበቻት። «ዲኤንኤ ላይ ይቺ የለችም። ለዚህ ነው ዲኤንኤ የሚጠነክረው። አርኤንኤዝ ይቺኑ ኦክስጅን አጠገቧ ባለው የሰንሰለቱ ማያያዣ፣ ፎስፌት ላይ ያስነሳትና ሰንሰለቱ ይበጠሳል።»

«ታዲያ ኦክስጅኗ ምን ትሠራለች?» አልኩ።

«የሰንሰለቱን ጫፍ ተመልከት። እዚያ ይቺ ኦክስጅንና ጎረቤቷ ጎን ለጎን ናቸው። የፕሮቲን መገንቢያ የሆነው አሚኖ አሲድ ወደ ፕሮቲን ከመግባቱ በፊት የሚንጠለጠለው ከሁለቱ በአንዷ ላይ ነው።»

ወረቀቱን አገላብጬ አየሁት። ሥራዬን ያበላሸችው ኦክስጅን እዚሁ ቁልፍ ቦታ ላይ ቁጭ ብላለች!

ዛሬ በሴሎቻችን ውስጥ አሚኖ አሲድን አርኤንኤ ላይ የሚያንጠለጥሉት ኢንዛይሞች ናቸው። ኢንዛይሞቹ ደግሞ ፕሮቲን ናቸው፤ የሚሠሩትም በዚያው መንገድ ከተንጠለጠሉ አሚኖ አሲዶች ነው። ዶሮዋ ትቅደም ወይስ እንቁላሉ? ሕይወት ሲጀመር ኢንዛይም ሳይኖር ማን አገናኛቸው?

በ2025 በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የማቲው ፓውነር ቡድን አንድ የሚቻል መንገድ አሳይቷል። አሚኖ አሲዱን ድኝ ካለው ውህድ ጋር አያያዙት። ቲዮኤስተር ይባላል፤ ሴሎቻችን ዛሬም ይጠቀሙበታል። ከዚያ ውሃ ውስጥ፣ አሲድም አልካላይም ባልሆነ ሁኔታ፣ ያለ ምንም ኢንዛይም አሚኖ አሲዱ አርኤንኤ ላይ ተንጠለጠለ። አሚኖ አሲዶቹ እርስ በርስ ዝም ብለው ከመያያዝ ይልቅ አርኤንኤውን መረጡ። አርኤንኤው ከሚገጥመው ሌላ ሰንሰለት ጋር ሲጣመር ደግሞ ወደ ጫፉ አመሩ። እኔን በጣም የገረመኝ ውሃው ነው። እንዲህ ያለ ቶሎ የሚዋሃድ ነገር ብዙ ጊዜ ውሃ ያፈርሰዋል። ሕይወት ደግሞ ያለ ውሃ አይታሰብም።

ይህ ማለት ከቢሊዮን ዓመታት በፊት ነገሩ በትክክል እንዲህ ሆኗል ማለት አይደለም። የትኛው የአርኤንኤ ፊደላት ቅደም ተከተል የትኛውን አሚኖ አሲድ እንደሚወክል እንዴት እንደተወሰነ ገና አልተፈታም። ለእኔ ትልቁ ጥያቄ እሱ ነው።

ዶክተሯ ከመነሳቷ በፊት የቆየ ጤነኛ ጄል ፎቶ አወጣች። «እነዚህ ሁለት መስመሮች ምንድን ናቸው?»

«የሪቦዞም አርኤንኤ» አልኩ። ሪቦዞም በሴል ውስጥ ፕሮቲን የሚሠራው ማሽን ነው።

«የላይኛው ሥራው ምንድን ነው?»

አፌ ተያዘ። ሁለት ዓመት ሙሉ «ጥሩ ነው፣ መጥፎ ነው» ለማለት ብቻ ነበር የማየው። ለካስ አሚኖ አሲዶችን እርስ በርስ የሚያያይዘው ቦታ ያለው እሱ ውስጥ ነው። በፈረንጆቹ 2000 የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሙት ባሕር የተገኘ ረቂቅ ተሕዋስ የሪቦዞሙን ትልቁን ክፍል አቶም በአቶም ሲያዩ፣ ማያያዣው ቦታ ላይ ያገኙት አርኤንኤ ብቻ ነው። ፕሮቲኖቹ ራቅ ብለው ተቀምጠዋል። ፕሮቲን የሚሠራው ማሽን እምብርቱ አርኤንኤ ነው። በፈረንጆቹ 2009 የኖቤል ሽልማት ካገኙት መካከል ከዚያ ቡድን መሪዎች አንዱ ቶማስ ስታይትዝ ነበር።

ስንዴውን እንደገና ዘራሁ። ሦስት ሳምንት ጠበቅሁ። በሥራው ቀን ስልኬን ቢሮ መሳቢያ ውስጥ ቆልፌበት ገባሁ። ጓንት ስንቴ እንደቀየርኩ አልቆጠርኩም። ማታ መብራቱን ሳበራ በ12ቱም ናሙና ላይ ሁለት ሁለት ጥርት ያሉ መስመሮች ወጡ። አብራኝ የምትሠራውን ተለማማጅ ጠራኋት። ጎንበስ ብላ አየችና «ጥሩ ነው አይደል?» አለችኝ።

ወንበር ሳብኩላትና ወረቀት ላይ ስኳሩን መሣል ጀመርኩ።